የትምህርት ቤቱ በር ቢዘጋባት በሙዚየም የተማረችው ሜሪ ካሳት

ከማኅበራችን አባላት ብዙዎቻችን ከአገር ስንወጣ ከልብስ በፊት በሻንጣችን ያስቀመጥነው የትምህርት ማስረጃችንን ነው። እዚህ ዋሽንግተን ከደረስን በኋላ ግን የአንዳንዶቻችን ዲፕሎማ ተቀባይ አጣ፣ ለአንዳንዶቻችን ክፍያው ከአቅም በላይ ሆነ፣ ሌሎቻችንን ደግሞ የልጅና የሥራ ሩጫ ያዘን። ከትምህርት ቤቱ በር ውጪ ቆሞ መቅረት ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን። በዚህ እትም ታሪኳን ልናወጋችሁ የመረጥናት ሴት ገንዘብም ሆነ ቋንቋ አልቸገራትም ነበር። ለትምህርት ባሕር ተሻግራ ፓሪስ ስትደርስ ትምህርት ቤቱ የመለሳት ሴት በመሆኗ ብቻ ነው። ስሟ ሜሪ ካሳት ይባላል። እናት ልጇን ስታጥብ፣ ስታቅፍ፣ ስታስተኛ የሚያሳዩት ሥዕሎቿ በፖስት ካርድና በቀን መቁጠሪያ ላይ ስለሚታተሙ፣ ስሟን ያልሰማች እኅት እንኳ አንዱን ሳታይ አልቀረችም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜሪ የተወለደችው በ1844 በፔንሲልቬንያ፣ ዛሬ የፒትስበርግ ከተማ አካል በሆነችው አሌጌኒ ሲቲ ነው። አባቷ የአክሲዮንና የመሬት ንግድ የሚሠሩ፣ እናቷ ደግሞ ከባንክ ቤት ሰዎች ወገን የተወለዱና መጽሐፍ የሚወዱ ነበሩ። ገና ሰባት ዓመት ሲሆናት ቤተሰቡ ለጥቂት ዓመታት ወደ አውሮፓ ስለሄደ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛን በልጅነቷ ለመደች። ከወንድሞቿ አንዱ እዚያው ጀርመን አገር በሕመም ሞተ። ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ በ1860 ፊላደልፊያ ከሚገኘው የፔንሲልቬንያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገባች። እዚያ ሴቶችን መማር ባይከለክሏቸውም ከሕያው ሰው ፊት ተቀምጠው እንዲሥሉ አይፈቅዱላቸውም ነበር። የሚሥሉት የጀሶ ምስል እያዩ ነው። ትምህርቱ ቀስ ያለ፣ መምህራኑም ሴት ተማሪ ሥዕልን የምትማረው እስክታገባ ድረስ ጊዜ ለማሳለፍ ነው ብለው የሚያምኑ ነበሩ። እሷ ግን ሥራዬ ብላ ነው የያዘችው። አውሮፓ ሄጄ እማራለሁ ስትል አባቷ እንዲህ ከማይ ሞቷን እመርጣለሁ እስከ ማለት ደርሰው ነበር ይባላል።

ያም ሆኖ በ1866፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለች ፓሪስ ገባች። ብቻዋን አልሄደችም። በዚያ ዘመን ጨዋ ቤተሰብ ያላገባች ልጁን ብቻዋን ስለማይለቅ እናቷና የቤተሰቡ ወዳጆች አብረዋት ነበሩ። የዘመኑ ትልቁ የሥዕል ትምህርት ቤት ኤኮል ዴ ቦዛር ነበር፤ ሴት አይቀበልም። በሩ ለሴቶች የተከፈተው በ1897፣ ሜሪ ሃምሳ ዓመት ካለፋትና ስሟ ከገነነ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚያው ትምህርት ቤት ከሚያስተምሩት አንዱ የነበረውን ዣን ሊዮን ዤሮምን በግል አስተምረኝ ብላ ለመነች፤ እሱም ተቀበላት። ይህ ግን አልፎ አልፎ የሚገኝ ምክር ነው። የዕለት ተዕለት ክፍሏ የሉቭር ሙዚየም ሆነ።

የሉቭር መግቢያ በዚያ ዘመን በነጻ ነበር። የታላላቅ ሠዓሊያንን ሥራ እያየ ቅጂ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ብቻ ፈቃድ ያወጣል። ሜሪ ፈቃዷን አውጥታ ሸራዋን ዘረጋች። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ቅጂ መሥራት የስንፍና ሥራ ይመስለዋል። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተሣለ ሥዕል ፊት የቆመች ተማሪ የምትፈልገው ግን የተሠራበትን መንገድ ነው። ሠዓሊው ከየት ጀመረ? ከሥር የቀባው የትኛውን ቀለም ነው? የጉንጩ ቅላት ከቀይ ቀለም ብቻ የመጣ ነው ወይስ ከሥሩ አረንጓዴ ነገር አለ? ብርሃኑ ከየት ገብቶ የት ላይ ይሞታል? ይህን ሁሉ ዓይን ብቻውን አይመልሰውም። እጅ ሲሞክረው፣ ሲሳሳት፣ ፍቆ እንደገና ሲጀምር ነው የሚገባው። እኛ የሒሳብ ሰዎችም ሥራውን የለመድነው ከክፍል ይልቅ ተዘግቶ የተቀመጠ የቀድሞ ዓመት መዝገብ አውጥተን፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከየትኛው ደረሰኝ እንደመጣ ወደ ኋላ እየተከተልን ስለሆነ ይህ ዓይነቱ ትምህርት አልጠፋንም።

በሉቭር አዳራሾች ሜሪ አንድ ለናቱ አልነበረችም። ቅጂ ሠርተው በመሸጥ የሚተዳደሩ ብዙ ሴቶች ነበሩ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊንስሎው ሆመር በ1868 ሃርፐርስ ዊክሊ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ሥዕል አዳራሹ በሸራ ማቆሚያና ብሩሽ በያዙ ሴቶች ተሞልቶ ይታያል። ሙዚየሙ የመገናኛ ቦታም ነበር። ወንዶቹ ሠዓሊያን ካፌ ተቀምጠው እስከ እኩለ ሌሊት ሲከራከሩ፣ ስሟን የምትጠብቅ ሴት እዚያ ልትገባ ስለማትችል ወሬውንም፣ ምክሩንም፣ ጓደኛውንም የምታገኘው በሙዚየሙ ውስጥ ነው። ሜሪ ከጓደኛዋ ጋር ከፓሪስ ውጪ ወዳሉ መንደሮች እየወጣችም የገበሬዎችን ሕይወት ትሥል ነበር። በ1868 ማንዶሊን የምትጫወት ልጅ ሥዕሏ ሳሎን በሚባለው በመንግሥት ዓመታዊ ኤግዚቢሽን ላይ ተቀባይነት አገኘ። የቤተሰቧን ስም አላስጻፈችም፤ ሜሪ ስቲቨንሰን ብላ ነው ያስመዘገበችው።

በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሺያ ጦርነት ሲገጥሙ ወደ አሜሪካ ተመለሰች። ያ ጊዜ ከሕይወቷ ሁሉ የከፋው ይመስለናል። አባቷ ምግቧንና ልብሷን ችለው ቀለምና ሸራ ግን አልገዛም አሉ። ኒው ዮርክ ለሽያጭ ያስቀመጠቻቸውን ሁለት ሥዕሎች የሚያደንቅ እንጂ የሚገዛ አልተገኘም። የምትማርበት ሙዚየምም አልነበረም። ዛሬ የምናውቃቸው የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታንና የቦስተኑ ሙዚየም የተመሠረቱት ገና በዚያው በ1870 ስለሆነ፣ የጥንት ሠዓሊያንን ሥራ በአካል ለማየት ባሕር መሻገር ግድ ነበር። ሥዕሎቿን ይዛ ገበያ ፍለጋ ቺካጎ ብትሄድ በጥቅምት 1871 ከተማዋን ያወደመው ታላቅ ቃጠሎ ከሥራዎቿ ከፊሉን በላባት። ሥዕልን ትታ ሌላ ሥራ ለመፈለግ እስከማሰብ ደርሳ ነበር።

መውጫው የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። የፒትስበርግ የካቶሊክ ጳጳስ ለካቴድራላቸው የሚሆኑ ሁለት የኮሬጆ ሥዕሎችን ቅጂ እንድትሠራላቸው አዘዙ። ኮሬጆ በ16ኛው መቶ ዘመን ይሠራ የነበረ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሲሆን ዋና ሥራዎቹ ያሉት በሰሜን ጣሊያን፣ በፓርማ ከተማ ነው። ጳጳሱ የመንገዷንና ከመቆያዋ ከፊሉን ወጪ ቀድመው ከፈሉ። ሥዕል ወዳዱ ሁሉ በልጅነቷ ተሰጥዖዋን ሲያወድስ፣ ገንዘብ አውጥቶ መንገድ ያስጀመራት ግን ቅጂ የፈለገ ደብር ነው። ሉቭር ውስጥ በነጻ የተማረችው ሙያ እንጀራ የሆነላት እዚህ ላይ ነው።

ኤሚሊ ሳርቴን ከተባለች የፊላደልፊያ ሠዓሊ ጋር በ1871 መጨረሻ ተጓዘች። ፓርማ ከቱሪስት መንገድ ወጣ ያለች ከተማ ነበረች፤ ሥራ ለሚሠራ ሰው ግን ጸጥታዋ ጥሩ ነው። ሜሪ በኮሬጆ ሥዕሎች ፊት ወራት አሳለፈች። ኮሬጆ ማርያምንና ሕፃኑን ሲሥል ሕፃኑ እንደ ንጉሥ ተገትሮ አይቀመጥም። ይንፈራገጣል፣ ክብደት አለው፣ ሥጋው ከእናቱ ሥጋ ጋር ይጣበቃል። ከዓመታት በኋላ ሜሪ የፈረንሳይ ገበሬ እናቶችን ከነልጆቻቸው ስትሥል ያ ክብደት ይታያል። ልጁ ለፎቶ የተቀመጠ አይመስልም፤ እናቱ ክንዷ እየዛለ ነው የያዘችው። በዚያው ከተማ ካርሎ ራይሞንዲ ከተባለ መምህር ሥዕል በመዳብ ላይ ቀርጾ የማተምን ሙያ ተማረች። ይህም ሃያ ዓመት ቆይቶ ትልቅ ፍሬ ሰጣት። ፓርማ ሳለች የሠራችው፣ በካርኒቫል ቀን አበባ የሚበትኑ ሁለት ሴቶች የሚታዩበት ሥዕል በ1872ቱ ሳሎን ታይቶ ገዢ አገኘ።

ከዚያ ስፔን ገባች። ማድሪድ በፕራዶ ሙዚየም ቬላስኬዝን አጠናች፤ ወደ ሴቪያም ወርዳ ለወራት ሠራች። ከሴቪያ ሥራዎቿ አንዱ፣ ነጠላ መሰል ዳንቴል ከራሷ ላይ የጣለች ስፔናዊት የምትታይበት፣ ዛሬ እዚሁ ዋሽንግተን በስሚትሶኒያን አሜሪካን አርት ሙዚየም ይገኛል። በ1873 በጋ ከእናቷ ጋር ወደ ሰሜን ወጥታ የሩበንስን ሥራ አንትወርፕ፣ የፍራንስ ሃልስን ሥራ ደግሞ ሃርለም ሄዳ አየች። ከሮም በኋላ በ1874 ፓሪስ ላይ ቤት ይዛ ተቀመጠች። በካርታ ላይ ብትከተሉት ይህ ጉዞ የአንድ የትምህርት ፕሮግራም ቅርጽ አለው፤ ለጣሊያን አንድ ወሰነ ትምህርት፣ ለስፔን አንድ፣ ለሆላንድ አንድ። ያወጣላት ሰው ግን አልነበረም። ማስረጃም አልሰጧትም።

በ1877 ወላጆቿና ታላቅ እኅቷ ሊድያ ፓሪስ መጥተው አብረዋት መኖር ጀመሩ። አባቷ አንድ ደንብ አወጡ፤ የሥዕል ክፍሏ ኪራይ፣ ቀለም፣ ሸራና የሞዴል ክፍያ ሁሉ ከሥዕል ሽያጭ ገቢዋ ብቻ ይሸፈን ብለው። ገቢዋ ደግሞ ገና ጥቂት ነበር። የገቢና ወጪ ሰው እንደመሆናችን ይህን ስናነብ በሁለት ልብ ሆንን። የሥራን ሒሳብ ከቤት ሒሳብ መለየት በማኅበራችን ለአነስተኛ ንግድ ብድር ለሚወስዱ እኅቶች ሁሉ የምንነግረው ነው፤ ሜሪንም ስለ ዋጋ የማታፍር፣ ከነጋዴ ጋር የምትከራከር ባለሙያ አድርጓታል። ነገር ግን መዝገቡ ጎዶሎ ነው። ያላገባች ልጅ ሆና ለሸመገሉ ወላጆቿና በኩላሊት ሕመም ለምትማቅቅ እኅቷ ያዋለችው ጊዜ፣ ቤት የፈለገችበት፣ ሐኪም የጠራችበት፣ ሌሊት ያስታመመችበት ሰዓት በየትኛው ዓምድ ተጻፈ? አባትየው ያንን ቢያስቡት ኖሮ ዕዳ ያለባቸው እሳቸው ሆነው ይገኙ ነበር።

በዚያው ዓመት ሳሎኑ ሥራዎቿን መለሰባት። ኤድጋር ዴጋ ከእኛ ጋር አሳዪ ብሎ የጠራትም ያኔ ነው። የዴጋን የፓስቴል ሥዕሎች ቀደም ሲል በሱቅ መስኮት አይታ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ትመለከታቸው ስለነበር ለመቀበል አላመነታችም። ቡድኑ ኢምፕሬሽኒስት የሚባለው ነው፤ ዳኛ የለውም፣ ሠዓሊያኑ በራሳቸው መዋጮ አዳራሽ ተከራይተው ያሳያሉ። በ1878 በፓሪስ የዓለም ትርኢት የአሜሪካ ክፍል ሰማያዊ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ የተቀመጠች ትንሽ ልጅ የሚያሳይ ሥዕሏን ሳይቀበለው ቀረ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ የፋርማሲ ባለሙያ እንደነበረ ስታውቅ የተናደደችውን ንዴት ከሃያ ዓመት በላይ አልረሳችውም። አንረሳውም፣ እኛም ብንሆን። በ1879 ከቡድኑ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየች፤ ኤግዚቢሽኑ አተረፈና ለእያንዳንዱ አባል ወደ 440 ፍራንክ ድርሻ ደረሰው። ከእቁብ ያላነሰ ደስታ ነው። ሜሪ በድርሻዋ የጓደኞቿን ሥራ፣ አንድ የሞኔና አንድ የዴጋ ሥዕል ገዛች።

ዴጋ ሜሪንና ሊድያን በሉቭር የሚያሳዩ የኅትመት ሥዕሎች ሠርቷል። ሜሪ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጃንጥላዋን ተደግፋ ሥዕል ትመለከታለች፤ ሊድያ ደግሞ ተቀምጣ በያዘችው የመምሪያ መጽሐፍ በላይ ቀና ብላለች። ፊቷ ሳይታይ እንኳ ሜሪ መሆኗ ያስታውቃል። ከአሥር ዓመት በላይ የተመላለሰችበት ቤት ስለሆነ አቋቋሟ የእንግዳ አይደለም። ሊድያ በ1882 አረፈች። ስትሸምንና ሻይ ስትጠጣ፣ በአትክልት ቦታ ኪሮሽ ስትሠራ የሣለቻት እኅቷ ነበረችና ሜሪ ለወራት ብሩሽ ማንሳት አቃታት።

በ1890 ኤኮል ዴ ቦዛር ከ700 በላይ የጃፓን የኅትመት ሥዕሎችን የያዘ ኤግዚቢሽን አቀረበ። ሴት ተማሪ አልቀበልም ያለው ቤት ሴት ጎብኚ ግን ይቀበል ነበር። ሜሪ አርባ ስድስት ዓመቷ አካባቢ ሆና እንደ ተማሪ ደጋግማ ሄደች። ፓርማ የተማረችውን የመዳብ ሙያ አስታውሳ፣ በቀጣዩ ዓመት አሥር ባለ ቀለም የኅትመት ሥዕሎችን አወጣች፤ ከእያንዳንዱ 25 ቅጂ። ሴት ደብዳቤ ስታሽግ፣ ልጅ ስታጥብ፣ ልብስ ስትለካ ይታያል። ብዙዎች ከሥራዋ ሁሉ የሚያስቀድሙት ይህንን ነው፤ እኛም እንስማማለን።

በ1893 በቺካጎ የዓለም ትርኢት ለሴቶች ሕንፃ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል እንድትሠራ ታዘዘች። ሴቶችና ልጃገረዶች በአትክልት ቦታ የእውቀትን ፍሬ ሲለቅሙ፣ ትልልቆቹ ለትንንሾቹ ሲያቀብሉ ሣለች። ወንድ አንድም የለበትም፤ ይህንንም የወቀሷት ነበሩ። ሥዕሉ ከትርኢቱ በኋላ ጠፍቷል፤ የቀረው ፎቶግራፉ ነው። በዓመቱ ከሽያጭ ባገኘችው ገንዘብ ከፓሪስ ወጣ ብሎ ያለውን ቦፍሬን የተባለ ቤት ገዛች። አላገባችም፣ ልጅም አልወለደችም። ሞዴል የሆኑላት የሠፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለውና አቅፈው ይመጡላት ነበር።

ሙዚየም መጎብኘትን ለሌሎችም አስተምራለች። ሉዊዚን ኤልደር የተባለች አሜሪካዊት ወጣት ፓሪስ ስትማር አገኘቻትና ጓደኛ ሆኑ። በ1877 ገደማ በሜሪ ምክር ሉዊዚን ከእኅቶቿ የኪስ ገንዘብ ተበድራ በ500 ፍራንክ የዴጋን ፓስቴል ገዛች። ኋላ ሃቭማየር የተባለ የስኳር ቱጃር አግብታ በ1901 ሦስቱም በጣሊያንና በስፔን ሲዞሩ፣ ሜሪ ኤል ግሬኮንና ጎያን ግዙ እያለች ጎተጎተቻቸው። የሃቭማየር ስብስብ ኋላ በ1929 ለሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሲሰጥ ወደ 2000 የሚጠጉ ሥራዎች ነበሩት። ሜሪ በ1870 ያጣችውን፣ አገር ቤት የሚማሩበትን ሙዚየም፣ ከእሷ በኋላ የመጡት አገኙት ማለት ነው።

የመጨረሻ ትልቁ ጉዞዋ ግብፅ ነው። በ1910 መጨረሻ ከወንድሟ ከጋርድነርና ከቤተሰቡ ጋር በመርከብ ዓባይን ሽቅብ ወጣች፤ ከእኛ አገር ደጋ የወረደውን ውኃ እየቀዘፉ ማለት ነው። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሙዚየም ስታይ የኖረችው ሴት በቤተ መቅደሶቹና በሐውልቶቹ ፊት ስትቆም የእኔ ሥራ ምን ያህል ደካማ ነው ብላ ተሰበረች። ወንድሟ እዚያው ታሞ በ1911 ፓሪስ ሞተ። እሷም ለረጅም ጊዜ ታመመች፤ የስኳር በሽታና የዓይን ሞራ ተያይዘው መጡ። በ1914 ሥዕል አቆመች። ዓይኗን ደጋግማ ብታስቀድድም ብርሃኗ አልተመለሰም።

ያም ሆኖ በ1915 ሉዊዚን ሃቭማየር ለሴቶች የመምረጥ መብት ትግል ገቢ ማሰባሰቢያ ኒው ዮርክ ውስጥ ኤግዚቢሽን ስታዘጋጅ ሜሪ ሥራዎቿን ሰጠች፤ ከዴጋና ከጥንት ሠዓሊያን ሥራዎች ጋር ተሰቀሉ። ሉዊዚን በ1919 በዋይት ሐውስ ደጅ በተደረገ ተቃውሞ ተይዛ ታሰረች። የአሜሪካ ሴቶች በ1920 መብቱን አገኙ። ሜሪ ሰኔ 14 ቀን 1926 በሰማንያ ሁለት ዓመቷ በቦፍሬን አረፈች።

ሰማያዊ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ልጅ፣ ፋርማሲስቱ የመለሳት፣ አሁን እዚሁ ከተማችን በናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ትገኛለች። በጀልባ የሚሄዱት እናትና ልጅ፣ በባሕር ዳርቻ አሸዋ የሚጫወቱት ሕፃናትም እዚያው ናቸው። አንዳንዱ ሥዕል ለሌላ ሙዚየም በውሰት ሊሄድ ስለሚችል ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። መግቢያው በነጻ ነው፤ ከዲሴምበር 25ና ከጃንዋሪ 1 በቀር በየቀኑ ክፍት ነው። ቅርቡ የሜትሮ ጣቢያ አርካይቭስ ነው፤ የልጅ ጋሪ ይዞ መግባት ይቻላል።